ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በሰሜን አየርላንድ፦ አድልዎው በተግባር እንዴት ነበር የሚሠራው?

ጥያቄ — ብራና

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሠላሳ ዓመት ያህል ሲገዳደሉ ከ3,500 በላይ ሰው እንዳለቀ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በአማርኛ የሚጻፈው ግን «የሃይማኖት ጦርነት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1998 ታረቁ» ብሎ ያልፈዋል። እኔን የከነከነኝ መካከሉ ነው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ሁለቱም ክርስቲያን። ታዲያ አሠሪው ወይም የማዘጋጃ ቤቱ ሹም «ይሄ ካቶሊክ ነው» ብሎ የሚያውቀው በምንድን ነው? ካወቀ በኋላስ አድልዎው በየትኛው ወረቀት፣ በየትኛው ደንብ ነው የሚያልፈው? ከተወሰዱት እርምጃዎች የቱ ሠራ፣ የቱ ከሸፈ? አሠራሩንና ቁጥሩን የምታውቁ ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ብዙ ነው። ስብከቱ ሞልቷል፤ የቸገረኝ ዝርዝሩ ነው።

መልስ — የማለዳ ወፍ

ሰላም ብራና። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁላችንም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

መለያው የሚጀምረው ከስም ነው። ሼመስ ወይም በርናዴት ከተባለ ካቶሊክ፣ ዊልያም ወይም ሳሙኤል ከተባለ ፕሮቴስታንት ነው ተብሎ ይገመታል። ስሙ ካልለየለት «የት ተማርክ?» ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ስም «ቅዱስ» ወይም «ቅድስት» ብሎ ከጀመረ ሌላ መጠየቅ አያስፈልግም። ቀጥሎ ሰፈር ነው። በምዕራብ ቤልፋስት የፎልስ መንገድ የካቶሊክ፣ የሻንኪል መንገድ የፕሮቴስታንት ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከተማዋን «ዴሪ» የሚል አብዛኛውን ጊዜ ካቶሊክ ነው፣ «ለንደንዴሪ» ብሎ አጥብቆ የሚጠራ ፕሮቴስታንት ነው። የስኮትላንድ እግር ኳስ እንኳ ይለያል፤ ሴልቲክን የሚደግፍ በአንድ በኩል፣ ሬንጀርስን የሚደግፍ በሌላው በኩል ይመደባል።

ከሁሉ ረቂቁ አንዲት ፊደል ናት። ስምንተኛዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ካቶሊኩ በተለምዶ «ሄይች» ይላታል፣ ፕሮቴስታንቱ «ኤይች»። ልጆቹ በተለያየ ትምህርት ቤት ስለሚያድጉ አነባበቡም አብሯቸው ያድጋል። በስልክ ስሙን ፊደል በፊደል የሚያስመዘግብ ሰው ያችን ፊደል ሲጠራ ወገኑን ሳያውቀው ተናግሯል ማለት ነው። የአባት ስም ተጠይቆ ብሔር በሚገመትበት አገር ላደገ አንባቢ ይሄ እንግዳ አይሆንም። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ነው ሰውየው የሚፈረጀው። ማንም «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቁ ነውር ነው፣ መገመቱ ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ሥሩን ባጭሩ፦ ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ዘውድ በአልስተር የካቶሊኮቹን የአየርላንድ ባላባቶች መሬት ወስዶ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አከፋፈለ። በ1690 ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን በቦይን ወንዝ አሸነፈ። በ1921 ደሴቲቱ ስትከፈል በስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህል ፕሮቴስታንት ነበር፤ ከብሪታንያ ጋር መቆየት የፈለገውም እሱ ነው። ካቶሊኩ ደግሞ አብዛኛው ከተቀረው አየርላንድ ጋር መሆን ይሻ ነበር። እንግዲህ «ካቶሊክ» እና «ፕሮቴስታንት» የሚሉት ስሞች መሬት የተነጠቀውንና የተሰጠውን፣ ቀጥሎም የትኛው አገር መሆን እንደሚፈልግ የሚነግሩ ታርጋዎች ሆኑ። ስለ ቅዱስ ቁርባን ተከራክረው አይደለም የተታኮሱት።

መልስ — ሸማኔው

«በየትኛው ወረቀት» ለሚለው ከዴሪ ከተማ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቁጥሮቹን እያያችሁ አብራችሁ አስሉ።

በ1967 ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ከሚችሉት 14,429 ካቶሊኮች፣ 8,781 ሌሎች ነበሩ። ሌሎቹ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ናቸው። ከ20ው መቀመጫ 12ቱን የያዙት ግን የፕሮቴስታንቱ ወገን ፓርቲ የሆኑት ዩኒየኒስቶች ነበሩ። ማንም ኮሮጆ አልሰረቀም፤ የተሠራው በምርጫ ክልል ካርታ ነው። ከተማው በሦስት ተከፈለ። በደቡቡ ክልል 10,047 ካቶሊክና 1,138 ሌላ መራጭ ታጨቀበት፣ 8 መቀመጫም ተሰጠው። በሰሜኑ 2,530 ካቶሊክና 3,946 ሌላ መራጭ ሆነ፣ ለሱም 8 መቀመጫ። ከወንዙ ማዶ ባለው ዋተርሳይድ 1,852 ካቶሊክና 3,697 ሌላ፣ 4 መቀመጫ። አካፍላችሁ እዩት፦ በደቡቡ አንድ ወንበር ለ1,400 ሰው ገደማ፣ በሰሜኑ ለ810 ገደማ ነው። ደቡቡ 8ቱን በሙሉ ለካቶሊኩ ወገን ይሰጣል፤ ሰሜኑና ዋተርሳይድ ተደምረው 12ቱን ለዩኒየኒስቱ።

ይህ ካርታ የሚሠራው ግን ካቶሊክ ቤተሰብ ወደ ሰሜኑ ክልል ገብቶ እንዳይኖር ከተጠበቀ ብቻ ነው። ቤት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ያኔ ለአካባቢ ምክር ቤት የሚመርጠው የቤት ባለቤት ወይም ተከራይ የሆነ ሰውና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነው። ከወላጅ ጋር የሚኖር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ደባል፣ ድምፅ የላቸውም። ኩባንያዎች ደግሞ እስከ ስድስት መራጭ መሰየም ይችሉ ነበር። ስለዚህ አንድ የማዘጋጃ ቤት ቤት ሰጠህ ማለት ሁለት ድምፅ ሰጠህ ማለት ነው። ምክር ቤቱ ለካቶሊክ የሚሠራውን ጥቂት ቤት በደቡቡ ክልል ላይ ብቻ ይቆልላል፤ ቦታ ሲያልቅ ግንባታውን ያቆማል እንጂ ወደ ሰሜኑ አይሻገርም። ውጤቱ በአንድ ጎጆ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተፋፍጎ መኖር ነበር። ደንቡ ድሃ ፕሮቴስታንቱንም ድምፅ ነሥቷል፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ ልብ በሉት።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ቤት ነው። በሰኔ 1968 ካሌዶን በምትባል መንደር፣ ተቸግሮ ገብቶበት የነበረ ልጆች ያሉት ካቶሊክ ቤተሰብ ከምክር ቤቱ ቤት በፖሊስ ተጎትቶ ወጣ። አጠገቡ ያለው ቤት ለአንዲት ያላገባች የ19 ዓመት ፕሮቴስታንት ተሰጠ። የፓርላማ አባሉ ኦስቲን ከሪ ለሷ በተሰጠው ቤት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ እሱንም አስወጡት። በዚያው ዓመት ጥቅምት 5 ቀን ዴሪ ላይ የሲቪል መብት ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ሲደበደቡ የቴሌቪዥን ካሜራ ቀረጸው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሆኖ መቅረት አልቻለም።

መፍትሔው ቤት የማደሉን ሥልጣን ከአካባቢ ምክር ቤቶች ነጥቆ መውሰድ ነበር። በ1971 ለመላው ሰሜን አየርላንድ አንድ የቤቶች አስተዳደር ድርጅት በሕግ ተቋቋመ፤ ቤት በነጥብ ሆነ። ቤት አልባነት፣ መጨናነቅ፣ የጤና ችግር፣ እያንዳንዱ የራሱ ነጥብ አለው፣ ብዙ ያለው ይቀድማል። በቤት እደላ አድልዎ ተፈጸመ የሚለው ክስ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ረግቧል። አንድ ነገር ግን አልፈታም፦ አመልካቹ የሚፈልገውን ሰፈር ራሱ ይመርጣል። ሰው ደግሞ ልጁ በማይወገርበት ሰፈር መኖርን ይመርጣል። ስለዚህ እደላው ፍትሐዊ ሆኖ የመንግሥት ቤቶቹ ሰፈር ግን እስካሁን በአብዛኛው ወይ ሙሉ ካቶሊክ ወይ ሙሉ ፕሮቴስታንት ነው።

መልስ — ሰንደል

የማለዳ ወፍ በጥቅሉ ልክ ነው፤ ግን አስተምህሮውን ፈጽሞ ከጨዋታ ውጭ ማድረግ አያዋጣም። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የ1646ቱ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ነው። የአልስተር ፕሪስቢቴሪያን፣ ማለትም ከስኮትላንድ የመጣው የፕሮቴስታንት ክፍል፣ የወረሰው ይህን ሰነድ ነው፤ የሮማውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት «ሐሳዊ መሲሕ» ይለዋል። በ1951 ነፃ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን የመሠረተው ኢያን ፔይስሊ ይህንኑ ቃል በ1988 በአውሮፓ ፓርላማ ውስጥ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ፊት ጮኾ ተናግሮታል። ሉተራውያንና ካቶሊኮች በ1999 አውግስቡርግ ላይ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ተፈራርመዋል፤ ሻንኪል መንገድ ላይ ግን ስሙን ያነሳው የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጋብቻ ነው፤ ፕሮቴስታንቱን ከምንም በላይ ያሳዘነውም ይሄ ነው። ከ1908 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው «ኔ ቴሜሬ» በሚባለው የሮማ ድንጋጌ መሠረት፣ በካቶሊክ ካህን ፊት ያልተፈጸመ የካቶሊክ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ አይጸናም። በልዩ ፈቃድ የተፈቀደ ድብልቅ ጋብቻ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ፕሮቴስታንቱም ጭምር ቃል መግባት ነበረበት። በድንበሩ ደቡብ፣ በነፃው አየርላንድ፣ ፕሮቴስታንቱ ትንሽ ወገን ነበርና አንድ ልጅ ካቶሊክ ባገባ ቁጥር የአያቱ ሰበካ አንድ ቤተሰብ ይቀንስ ነበር። የሰሜኑ ፕሮቴስታንት ይህን እያየ «እኛም ብንቀላቀል እንዲሁ እንጠፋለን» አለ። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1970 ደንቡ ላላ፦ አሁን ቃል የሚገባው ካቶሊኩ ብቻ ነው፤ እሱም «የተቻለኝን አደርጋለሁ» ነው የሚለው፣ ሌላኛው ወገን እንዲያውቀው ብቻ ይደረጋል።

ብራና

በጣም አመሰግናለሁ፤ የዴሪውን ስሌት ሁለቴ ሠራሁት። ሥራ ቅጥር ላይስ? ሃይማኖትን መጠየቅ ነውር ከሆነ አሠሪው እንዴት ነው የሚቆጣጠረው?

መልስ — መዝገብ ቤት

ይሄኛው ብዙ አገር ሊማርበት የሚገባ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ልጻፈው።

መነሻው ከባድ ነበር። በሐምሌ 1920 ከቤልፋስት የመርከብ ፋብሪካዎች በሺህ የሚቆጠሩ ካቶሊክ ሠራተኞች በዱላ ተባረሩ፤ አብረዋቸው በሶሻሊስትነት የተጠረጠሩ ፕሮቴስታንቶችም ተባርረዋል። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ያለ ዱላ ነው የቀጠለው። ክፍት ቦታ በማስታወቂያ አይወጣም፤ አባት ለልጁ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ፣ በሎጅ (በፕሮቴስታንቶቹ የኦሬንጅ ማኅበር ቅርንጫፍ) የሚገናኝ ለሎጅ ጓደኛው ይነግራል። ማንም ካቶሊክ አልተከለከለም፣ አልሰማም እንጂ። በ1976 የወጣው የመጀመሪያው የፍትሐዊ ቅጥር ሕግ የከሸፈው በዚህ ነው፤ አንድ ሰው አቤት ብሎ «በኔ ላይ አድልተዋል» ብሎ እንዲያስረዳ ይጠብቅ ነበር። ያልሰማው ቦታ ላይ ማን አቤት ይላል?

የ1989ኙ ሕግ ሸክሙን ወደ አሠሪው አዞረው። ከ10 በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው የግል አሠሪ ሁሉ ይመዘገባል፣ የሠራተኞቹንና የአመልካቾቹን ወገን ቆጥሮ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል፣ በየሦስት ዓመቱም የቅጥር አሠራሩን መርምሮ ይጽፋል። ሪፖርት አለማቅረብ ወንጀል ነው።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። ከማመልከቻው የተለየ አንድ ወረቀት አለ፤ ቀጣሪው ፓነል አያየውም። «ታምናለህ ወይ» አይልም። ሃይማኖትን ብትከተልም ባትከተልም ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆንክ አመልክት ይላል፦ ከፕሮቴስታንት፣ ከካቶሊክ፣ ወይም ከሁለቱም አይደለሁም። ሦስት ሣጥን፣ አንድ ምልክት። አመልካቹ ባዶ ከተወው አሠሪው በሌላ መረጃ መመደብ ይፈቀድለታል፤ ዋናው መረጃም የተማረበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልብ በሉ፣ የማለዳ ወፍ የጻፈውን የመንደር ግምት ነው ሕጉ ራሱ ለፍትሕ የተጠቀመበት። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ ኮታ የለም፣ ለቦታው የተሻለው ሰው ነው የሚቀጠረው። ግን ማስታወቂያው ላይ «ከካቶሊክ ማኅበረሰብ የሚመጡ ማመልከቻዎችን በተለይ እንቀበላለን» ብሎ መጻፍ፣ ወይም በጎደለው ወገን ሰፈር ማስታወቂያ መለጠፍ ይቻላል። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደግሞ የጎደለበት ፕሮቴስታንት ነው፣ ለሱም በተመሳሳይ ይጽፋል። የሥራ ቦታው ባንዲራና ዓርማ ከግድግዳ መውረድ አለበት፤ በሐምሌው የፕሮቴስታንቶች በዓል ማሽኑ ላይ ባንዲራ የማሰር ልማድ ያበቃው በዚህ ነው። በ1990 ከሚቆጠረው ሠራተኛ ካቶሊኩ 35 በመቶ ገደማ ነበር፣ ዛሬ ግማሽ ያህል ነው። የ2021ዱ ቆጠራ ከሕዝቡ 45.7 በመቶው ከካቶሊክ፣ 43.5 በመቶው ከፕሮቴስታንትና ከሌሎች ክርስቲያኖች ቤት መሆኑን ስላሳየ፣ ሚዛኑ ከሞላ ጎደል ተስተካክሏል ማለት ነው።

ቀዳዳ ነበረው፦ መምህራን ከሕጉ ውጭ ነበሩ። ይህን የሚሽር ሕግ በ2022 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ፖሊስም በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በአሮጌው ፖሊስ ውስጥ ካቶሊኩ 8 በመቶ ገደማ ነበር። ከ2001 እስከ 2011 ፈተና ካለፉት አዲስ ምልምሎች ግማሹ ካቶሊክ፣ ግማሹ ሌላ እንዲሆን ተደነገገ፤ ወደ 30 በመቶ ደረሰ፣ ደንቡ ሲነሳ ግን ዕድገቱ ቆመ። ፈተናውን አልፎ በወገኑ ብቻ የቀረው ፕሮቴስታንት ወጣት ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ እኔ እርምጃውን ብደግፍም ዋጋ እንዳስከፈለ አልክድም።

መልስ — የወንዝ ማዶ

እስካሁን ያለው አብዛኛው ካቶሊኩ የተበደለበት ነው። ትክክል ነው፤ ግን ስዕሉ እንዳይጎድል አንዱን ልጨምር። ጥር 5 ቀን 1976 ኪንግስሚል በሚባል ቦታ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ወደ ቤት የሚወስድ ሚኒባስ በታጣቂዎች ቆመ። በዋዜማው ከሁለት ካቶሊክ ቤተሰቦች ላይ ተኩሰው ስድስት ሰው የገደሉ ፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ነበሩ። አሁን ሚኒባሱን ያስቆሙት «ካቶሊኩ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላቸው አንድ ብቻ ነበር። ፕሮቴስታንት ባልደረቦቹ ሊገድሉት መስሏቸው እንዳይናገር ሊከለክሉት ሞከሩ። ታጣቂዎቹ ግን ሪፐብሊካኖች፣ ማለትም ሰሜኑ ከተቀረው አየርላንድ ጋር እንዲሆን የሚታገሉ የካቶሊኩ ወገን ታጣቂዎች ነበሩ፤ እሱን «ሂድ» ብለው 11ዱን ፕሮቴስታንቶች ረሸኑ፣ 10ሩ ሞቱ። በድንበር አካባቢ የሚኖር ፕሮቴስታንት ገበሬ ዛሬም ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን ከነዚያ ዓመታት የመጣ ነው። ቅጽና ነጥብ ይሄን አይነካውም።

መልስ — ሸማኔው

ወንድሜ የወንዝ ማዶ፣ እውነት ነው። ስለዚህ ቅጹ ስላልደረሰባቸው ሦስት ነገሮች ልጨርስ።

ሰልፍ፦ በየዓመቱ ሐምሌ 12 የፕሮቴስታንቶቹ የኦሬንጅ ማኅበር የቦይንን ድል በከበሮና በዋሽንት ያከብራል፤ በዋዜማው ሌሊት ከኛ ደመራ ብዙ እጥፍ የሚረዝም የእንጨት ክምር ይቃጠላል፣ አንዳንዱ ጫፍ ላይ የአየርላንድ ባንዲራ ይሰቀላል። ጠቡ ስለ መንገዱ ነው፤ አሮጌው የሰልፍ መንገድ ዛሬ ካቶሊክ በሰፈረበት በኩል ያልፋል። በ1998 የወጣው ሕግ ውሳኔውን ከፖሊስ አውጥቶ ለሰልፎች ኮሚሽን ሰጠ። አዘጋጁ 28 ቀን ቀድሞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የሰዉንና የባንዱን ብዛት በቅጽ ያስመዘግባል፤ ተቃዋሚውም 14 ቀን ቀድሞ። ኮሚሽኑ ሰልፉን መከልከል አይችልም፣ ቅድመ ሁኔታ ግን ያስቀምጣል፦ በዚህ መንገድ አትለፉ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ስታልፉ አንድ ነጠላ የከበሮ ምት ብቻ። በፖርታዳውን ከተማ የድረምክሪ ሰልፈኞች ከ1998 ወዲህ የካቶሊክ ሰፈር በሆነው በጋርቫኪ መንገድ አልፈው አያውቁም።

ትምህርት ቤት፦ በ1981 ላጋን ኮሌጅ የተባለው የመጀመሪያው የጋራ ትምህርት ቤት በ28 ተማሪ ተከፈተ። ነባር ትምህርት ቤትም ሊለወጥ ይችላል፤ 20 በመቶው ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ድምፅ ይሰጣል። ሆኖም ዛሬም በጋራ የሚማረው ከአሥር ተማሪ አንድ አይሞላም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰፈሩ የተለያየ ስለሆነ ቅርቡ ያለው ትምህርት ቤት የወገን ነው፤ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ቤቶቿን መልቀቅ አትፈልግም።

ግድግዳ፦ በነሐሴ 1969 ካቶሊኮች የሚኖሩበት የቦምቤይ ጎዳና ሲቃጠል የብሪታንያ ጦር በፎልስና በሻንኪል መካከል እሾሃማ ሽቦ ዘረጋ። ለጊዜው ነው ተባለ። ሽቦው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ብረት፣ ከብረቱ በላይ ደግሞ መረብ ሆነ። ግድግዳው ሥር ያሉት ቤቶች የጓሮ በረንዳቸው ድንጋይና ጠርሙስ እንዳይወድቅበት በሽቦ ቤት ተሸፍኗል፤ ልብስ የሚሰጣው በዚያ ውስጥ ነው። መንግሥት በ2013 «በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉንም እናፈርሳለን» አለ፤ 2023 መጥቶ አለፈ፣ አብዛኞቹ ቆመዋል። የከሸፈው ቀኑ ከነዋሪው በፊት ስለተቆረጠ ነው። የተሳካበት ቦታ ሁሉ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር፦ ግድግዳው ሥር ያለውን ቤት አንድ በአንድ መጠየቅ፣ መስታወቱን በማይሰበር መለወጥ፣ ካሜራ መትከል፣ በሩን ለጥቂት ሰዓት ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ ሰዓቱን ማርዘም፣ በመጨረሻ ማፍረስ። በ2016 ክራምሊን መንገድ ላይ ያለው ግድግዳ የፈረሰው በዓመታት ንግግር ነው።

በሰሜን ቤልፋስት አሌክሳንድራ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። መሃሉን የሚሰነጥቀው የብረት ግድግዳ መሠራት የጀመረው መስከረም 1 ቀን 1994፣ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ተኩስ ማቆሙን ባወጀ ማግስት ነው። በ2011 ከግድግዳው ላይ አንዲት በር ተከፈተች። ያኔ የተፈቀደው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው መናፈሻው ሲደርሱ በሩ ሊዘጋ ነው።